ቀነ ገደብ የሚያልፈው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

የኩፖን፣ የአባልነት ወይም የፈቃድ ጊዜ ማለፍ አለማለፉን በድረ ገጽ ኮድ ማጣራት ላይ ላዩን ሲታይ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ የአሁኑ ጊዜ ከማብቂያው ቀን ይበልጣል ወይ? ሰው ግን «ቀን» ሲል ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ሁሉ ማለቱ ሲሆን፣ ኮዱ የሚያወዳድረው ቅጽበትን ነው። ጃቫስክሪፕት ለምሳሌ ማንኛውንም ቀን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ነው።

ማብቂያው «2025-09-10» ተብሎ ያለ ሰዓት ከተጻፈ ጃቫስክሪፕት የዚያን ዕለት መጀመሪያ፣ ያውም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት በዩቲሲ (UTC)፣ ይወስዳል። አዲስ አበባ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ቅጽበቱ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይውላል። እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ እንዲገለገል የከፈለ ደንበኛ በዚያው ቀን ጠዋት ሲገባ «ጊዜው አልፏል» ይባላል፤ መብቱ የሆነ ሙሉ ቀን ሳይነጋ ተወስዶበታል። ዋሽንግተን ላለ ደንበኛ ደግሞ አገልግሎቱ የሚዘጋው ሴፕቴምበር 9 ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ማብቂያው የማግስቱ መጀመሪያ ሆኖ ከነሰዓት ቀጠናው መመዝገብ አለበት፦ ሴፕቴምበር 11፣ 00:00፣ +03:00። የአሁኑ ጊዜ ከዚህ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ያኔ በእርግጥ አልፏል።

ከዚህ የከፋው ምንም ምልክት ሳይሰጥ የሚያልፈው ስህተት ነው። ያው ሴፕቴምበር 10 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ነው። ተጠቃሚው ቅጹ ላይ «2017-13-05» ብሎ ቢሞላ ጃቫስክሪፕት 13ኛ ወር ስለማያውቅ ልክ ያልሆነ ቀን ይፈጥራል፤ ከእንዲህ ያለ ቀን ጋር የሚደረግ የ«ይበልጣል» ወይም የ«ያንሳል» ንጽጽር ሁሉ ውጤቱ ሐሰት ነው። «አልፏል ወይ?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር «አላለፈም» ይላል፤ ፈቃዱ ዕድሜ ልክ ይሆናል ማለት ነው። ነሐሴ 5 «2017-12-05» ተብሎ ቢገባ ደግሞ እንደ ዲሴምበር 2017 ይነበብና ሲሞላ ገና ያልደረሰው ቀን ከዓመታት በፊት ያለፈ ይመስላል። የኢትዮጵያ ቀን የሚቀበል ቅጽ እዚያው ሲቀበል ወደ ጎርጎርዮስ መለወጥ፣ ልክ ያልሆነውንም ከንጽጽሩ በፊት መመለስ ይኖርበታል። ለማሳያ ብቻ ከሆነ አሳሾች ራሳቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ይችላሉ።

ሁለት ቀኖች እኩል መሆናቸው የሚጣራው በሚሊሰከንድ ቁጥራቸው እንጂ በዕቃዎቹ (objects) አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ የቀን ዕቃዎች አንድ ቅጽበት ቢይዙም እኩል አይባሉም። ለመግቢያ ማረጋገጫ የሚያገለግለው የጄደብሊውቲ (JWT) ቶከን ማብቂያ ደግሞ በሰከንድ ስለሚጻፍ በ1000 ካልተባዛ ትናንት የተሰጠውም ዛሬ የተሰጠውም ያለፈበት ይመስላል።

የስልክን ሰዓት ማንም ወደ ኋላ ሊመልሰው ስለሚችል፣ ገጹ ላይ የሚደረገው ንጽጽር ለማሳወቅ ብቻ ያገለግላል። የሚፈቅደውም የሚከለክለውም በሰርቨሩ ሰዓት የተደረገው ንጽጽር ነው።