ቀለሙ ብቻውን አያስታውስም

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ውሏቸውን በስልክ ካሌንደር የሚመሩ ተማሪዎችና መምህራን አሉ፤ ፈተናው በቀይ፣ ክፍለ ጊዜው በሰማያዊ፣ የአማካሪ ቀጠሮው በአረንጓዴ። ልማዱ መልካም ነው። ችግሩ ስለ ቀለሞቹ የሚታመነው ነው።

«ቀለም ከሰጠሁት አልረሳውም» ይባላል። ቀለሙ ዓይን ይስባል እንጂ ትርጉሙን አይዝም። አውትሉክ የተባለው ፕሮግራም ለቀጠሮ ምድቦች 25 ቀለሞች ያቀርባል፤ ምድቦቹ መጀመሪያ ሲመጡ የሚጠሩት በቀለማቸው ብቻ ነው። እንደዚያው ከተተዉ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ሐምራዊው ምን እንደነበረ ይጠፋል። ስሙን ለውጦ «አማካሪ» ያለ ሰው ግን ያንኑ ቃል ፈልጎ ቀጠሮዎቹን በአንድ ላይ ያገኛል።

«እኔ የማየውን ቀለም የጋበዝኩትም ሰው ያየዋል» የሚለውም ስሕተት ነው። በአውትሉክ ከቀጠሮው ጋር የሚያያዘው የምድቡ ስም ነው፤ ቀለሙ የሚቀመጠው በባለቤቱ ዝርዝር ውስጥ ነው። በጉግል ካሌንደርም ለአንድ ካሌንደር የመረጥነው ቀለም የራሳችን ብቻ ነው። ፕሮግራሞች ቀጠሮ የሚለዋወጡበት አይካሌንደር የተባለው ደንብ ለቀለም ቦታ ያገኘው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚቀበለውም በድረ ገጽ ሥራ የታወቁትን 147 የቀለም ስሞች ነው። ስክሪን ከሚያሳያቸው 16.7 ሚሊዮን ቅልቅሎች መካከል በእጃችን ያወጣነው ልዩ ቀለም በዚያ መንገድ እንዳለ አይሻገርም። ስለዚህ አብሮ የሚሠራ ቡድን አስቀድሞ መስማማት ያለበት በስሙ ላይ ነው።

«በአማርኛ ብሰይመው ፕሮግራሙ ያበላሸዋል» የሚሉም አሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር የፊደላት ደንብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ አማርኛ ስም ያለ ችግር ይጻፋል። መጠንቀቅ ያለብን ሌላ ነገር አለ። ለእኛ «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሎት» ብሎ የሰየመ፣ በኋላ «ጸሎት» ብሎ ቢፈልግ ባዶ ገጽ ሊጠብቀው ይችላል። አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ግድ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው «ቀለም በበዛ ቁጥር ሥርዓት ይኖራል» የሚለው ይመስለኛል። መልሱ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍት ይዟል። ጸሐፍቱ ጽሑፉን የከተቡት በሁለት ቀለም ነው፤ ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለምዕራፍም መነሻ። አንባቢው ቀይ ሲያይ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ደንቡ የታወቀ ነውና። አሥራ አምስት ቀለም የደረደረ ካሌንደር እንዲህ ያለ ደንብ የለውም።

ደግሞም ቀለም የማይደርሰው ሰው አለ። በአውሮፓውያን ዘር ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራል፤ «አስቸኳይ» እና «ያለቀ» የምንልባቸው ግን እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ካሌንደሩን ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ያሳተመም ሁሉንም ግራጫ ሆኖ ያገኘዋል።

ዛሬ ካሌንደራችሁን ክፈቱና ስም የሌላቸውን ቀለሞች ፈልጉ። ለእያንዳንዳቸው የአማርኛ ስም ስጡ፤ ስም ያጣችሁለትን ሰርዙት።