መምራት የሚያስፈራበት ውድድር

በመኪና ውድድር ከፊት የወጣ ሰው ይፈራል እንዴ? ማይክሮ ማሽንስ ላይ አዎ፣ ያውም ከልቡ!

ነገሩ ወዲህ ነው። የእንግሊዙ ኮድማስተርስ እ.ኤ.አ. በ1991 ለኒንቴንዶ ያወጣው ይህ ጌም ስሙን ያገኘው የአሜሪካው ጋሉብ ይሸጣቸው ከነበሩት ጥቃቅን የአሻንጉሊት መኪኖች ነው። ትራኩ አስፋልት አይደለም። ቁርስ የቀረበበት ጠረጴዛ ነው፣ የጓሮ አትክልት ነው፣ የፑል ጠረጴዛ ነው። ጀልባዎቹማ የሚሽቀዳደሙት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። ኩርባውን ስቶ ከጠረጴዛው ጫፍ ያለፈ... በቃ፣ ወደ ወለሉ!

ጨዋታው የሚደምቀው ግን ሁለት ሰዎች ሲፋለሙ ነው። ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ብሎ ነገር የለም። ሁለቱም መኪኖች አንድ ስክሪን ላይ፣ ከላይ ሆኖ እንደሚመለከት ሰው ይታያሉ። ኋላ ቀርቶ ከስክሪኑ የወጣ ነጥብ ይቆጠርበታል። ከዚያ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው እንደገና ይነሳሉ።

የመሪው ጣጣ እዚህ ላይ ይመጣል። በራቀ ቁጥር ወደ ስክሪኑ ጫፍ ይጠጋል፤ ከፊቱ የሚታየው መንገድም ያጥርበታል። ኩርባው ድንገት ዱብ! ከኋላ ያለው ግን መሪው ሲወድቅ አይቶ ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም፤ ትራኩን በቃል ማወቅ ግድ ነው። ጀማሪውም እስከ መጨረሻው ተስፋ አይቆርጥም።

በ1994 ሁለተኛው ክፍል ለሴጋ ሜጋ ድራይቭ ሲወጣ ካሴቱ ራሱ ሁለት ተጨማሪ የጆይስቲክ መሰኪያ ነበረው። አንዱን ጆይስቲክ ሁለት ሰው፣ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ፣ ይጋራዋል። በዚህ ዘዴ እስከ ስምንት ሰው አንድ ቴሌቪዥን ከቦ ይጫወት ነበር። ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ!

ኮድማስተርስ ኋላ ላይ በኮሊን ማክሬ ራሊና በፎርሙላ ዋን ጌሞቹ ገነነ፤ በ2021ም ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ዛሬ የመኪና ጌም ተጫዋች ቤቱ ሆኖ፣ የራሱን ስክሪን ይዞ፣ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር በኢንተርኔት ይሽቀዳደማል። መሪውም መንገዱ አያጥርበትም። ሲወድቅ ግን አጠገቡ ሆኖ የሚስቅበት ጓደኛ የለም። የማይክሮ ማሽንስ ግማሹ ጣዕም ደግሞ እሱ ነበር።