የዛሬውን ቀዳሚ መምረጥ ወይስ የነገውን አትሌት መተንበይ? ስለ ስፖርት ምልመላ ሳይንስ

ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ሁኔታ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። በመካነ ሰላም ከተማ የትምህርት ቤቶች ውድድር ቀን ነው እንበል። ከቦረና ወረዳ ቀበሌዎች የተሰባሰቡ ተማሪዎች፣ ገሚሱ በላስቲክ ጫማ ገሚሱ በባዶ እግሩ፣ በመነሻው መስመር ላይ ተሰልፈዋል። ከሜዳው ዳር ወረቀትና ስቶፕ ዎች የያዘ መልማይ ቆሟል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሦስት ስሞች በወረቀቱ ላይ ይሰፍራሉ፤ የቀሩት ልጆች የመጡበትን ዳገትና ቁልቁለት ተጉዘው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

መልማዩ ምን እንዳደረገ ብንጠየቅ «ጎበዞቹን መረጠ» ብለን እንመልስ ይሆናል። ነገሩን በጥሞና ስንመረምረው ግን መልማዩ የተናገረው ትንቢት ነው። ዛሬ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ የሆነው ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ሯጭ እንደሚሆን በአንድ ሩጫ ተመልክቶ ወስኗል። የዛሬን ፍጥነት መለካትና የነገን ብቃት መተንበይ ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱ የሚለያዩባቸውን ምክንያቶች ማብራራትና በአነስተኛ መሣሪያ ምን ሊደረግ እንደሚችል ማመልከት ነው።

ምልመላ በአገራችንና በውጭ

በኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ሯጮች የተገኙት በአብዛኛው በጦር ሠራዊቱ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላና እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ከተማ የማራቶን ድልን የተቀዳጀው ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ምሩፅ ይፍጠር ደግሞ ከአየር ኃይል የወጣ ነው። ሠራዊቱ ወጣቶችን ከየአቅጣጫው ሰብስቦ፣ እየመገበና እያሠለጠነ ለዓመታት ያቆይ ስለነበር፣ ሳይታሰብ ጥሩ የምልመላ ተቋም ሆኖ አገልግሏል። አበበ ሮም ላይ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ሰው እንደነበር ልብ ይሏል።

ከዚያ በኋላ በአርሲዋ በቆጂ ከተማ ሌላ መንገድ ታይቷል። የአካል ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የደራርቱ ቱሉን፣ የቀነኒሳ በቀለንና የጥሩነሽ ዲባባን የመጀመሪያ እርምጃዎች የመሩ ሰው መሆናቸው በሰፊው ይታወቃል። ዛሬ በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአዲስ አበባም የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አሉ።

በዓለም ላይ ለምልመላ እጅግ ብዙ ገንዘብና መሣሪያ ከሚያፈስሱት መካከል የአሜሪካ እግር ኳስ ክለቦች ይገኙበታል። በየዓመቱ 32 ክለቦች በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች የሚጫወቱትን ወጣቶች በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ሥርዓቱም «ድራፍት» ይባላል። ከምርጫው በፊት ተጫዋቾቹ በቁመት፣ በክብደት፣ በዝላይና በ40 ያርድ (36.6 ሜትር ገደማ) ሩጫ ይለካሉ። መልማዮችም የዓመታት ጨዋታቸውን በፊልም ይመለከታሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ትንቢቱ ምን ያህል ይሠምራል? መልሱን ከማየታችን በፊት ወደ ሜዳችን እንመለስ።

የልደት ዕድሜና የሰውነት ዕድሜ

በአንድ ክፍል የሚማሩ ሁለት ወንዶች ልጆችን እንውሰድ። ሁለቱም 14 ዓመታቸው ነው። ልጅ «ሀ» ድምፁ ጎርንኗል፣ ጡንቻው ዳብሯል፤ ልጅ «ለ» ገና ሕፃን ይመስላል። በልደት ዕድሜ እኩያሞች ቢሆኑም በሰውነት ዕድሜ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ሰውነት በፍጥነት የሚመዘዝበት ወቅት በሴቶች በአማካይ በ12 ዓመት፣ በወንዶች በ14 ዓመት ገደማ ይደርሳል፤ ሆኖም ከአማካዩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መድረስ ፍጹም ጤናማ ነገር ነው። «ሀ» እና «ለ» አብረው ቢሮጡ «ሀ» የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ ያሸነፈው ቀድሞ በማደጉ ይሁን በተሰጥኦው ስቶፕ ዎቹ አይነግረንም። ከአምስት ዓመት በኋላ «ለ» በዕድገት ሲደርስበት የሁለቱ ቦታ ሊገለባበጥ ይችላል።

ለዚህ ተጓዳኝ የሆነ ሌላ ክስተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በካናዳ የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋቾች መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት ቁጥር ከሚጠበቀው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳዩ። የዕድሜ ምድቡ የሚቆረጠው በጥር መጀመሪያ ስለነበር፣ በጥር የተወለደ ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው የምድብ ጓደኛው በአንድ ዓመት ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ቀድሞ ይመረጣል፤ ስለተመረጠ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፤ ሥልጠናውም ምርጫው ትክክል የነበረ ያስመስለዋል።

በደቡብ ወሎ ደጋማ ገጠሮች ችግሩ ይብሳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ዘግይተው ትምህርት የጀመሩና በጊዜው የጀመሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2016 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ቀናቸው በጽሑፍ የተያዘ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤም.አር.አይ. በማንሳት ዕድሜ ያለፈባቸውን ለመለየት ሞክሯል። ይህ መሣሪያ ግን ከገጠር ትምህርት ቤት አቅም እጅግ የራቀ ነው።

የአንድ ቀን ውጤትና የከፍታው ጉዳይ

ሁለተኛው ችግር ከልኬቱ ከራሱ ይመነጫል። አንድ ልጅ በአንድ ቀን የሚያስመዘግበው ሰዓት የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ አንዱ እውነተኛ አቅሙ ሲሆን ሌላው የዕለቱ ሁኔታ ነው። በባዶ ሆዱ መጥቶ ይሆናል፤ ሌሊቱን ከብት ሲጠብቅ አድሮ ይሆናል፤ ወይም በተቃራኒው ሁሉ የተሟላለት ቀን ሊሆን ይችላል። ከብዙ ልጆች መካከል ቀዳሚ የሆኑትን ስንለይ፣ አቅም ያላቸውን ብቻ ሳይሆን ዕለቱ የሰመረላቸውንም አብረን እንለያለን። በመሆኑም በሚቀጥለው ውድድር የተመረጡት በአማካይ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ውጤት ያሳያሉ። ፍራንሲስ ጋልተን ይህን ዝንባሌ እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት በማነጻጸር ገልጾታል፤ በስታትስቲክስም «ወደ አማካይ መመለስ» በመባል ይታወቃል። ይህን የማያውቅ መልማይ «ልጁ ሰነፈ» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን መጠንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህም ረጅም ርቀትን ያዘገያል። የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በ10,000 ሜትር ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ አንደኛ፣ ማሞ ወልዴ በ29 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኑ። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር። የውድድር ስልትም ድርሻ ቢኖረው፣ ለዚህ ሰፊ ልዩነት ዋነኛው ምክንያት ከፍታው እንደሆነ ይታመናል። ሰዓቱን ብቻ ያየ መልማይ ማሞን መካከለኛ ሯጭ ባለው ነበር። እንግዲህ በመካነ ሰላም የተያዘን የ5,000 ሜትር ሰዓት ዝቅ ብላ በምትገኘው በኮምቦልቻ ከተያዘው ጋር እንዳለ ማወዳደር ሚዛን የጎደለው ፍርድ ነው።

ብርቅ የሆነን ነገር መፈለግ

ሦስተኛው ችግር የሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ተማሪዎች መካከል ለታላቅ ደረጃ የሚበቃ አቅም ያላቸው 10 ብቻ ናቸው እንበል። ፈተናችን ጥሩ ነው፤ አቅም ካላቸው ከመቶ 80ውን ይይዛል፤ አቅም ከሌላቸው ከመቶ 10ሩን ብቻ በስህተት ያሳልፋል። እንግዲያው ከ10ሩ 8ቱ፣ ከ990ው ደግሞ 99ኙ ያልፋሉ። ካለፉት 107 ልጆች ውስጥ በእርግጥ አቅም ያላቸው 8 ናቸው፤ ይኸውም ከ13 አንድ ገደማ መሆኑ ነው። ሁለቱ ባለተሰጥኦዎች ደግሞ ወደቤታቸው ተመልሰዋል። ፈተናው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የሚፈለገው ነገር ብርቅ ሲሆን ጥሩ ፈተናም ብዙ ይስታል።

ያለፉትን 107 ልጆች ከመጀመሪያው ጋር ባልተያያዘ ሌላ ፈተና ብንመዝናቸው 6 ያህል ባለተሰጥኦዎች ከ10 ያህል ሌሎች ጋር ይቀራሉ። ትክክለኛነቱ ከመቶ 7 ወደ 40 ገደማ አደገ ማለት ነው። የመደጋገም ጥቅም ከዚህ ይታያል፤ ለወደቁት ሁለተኛ ዕድል መስጠት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አሜሪካው ድራፍት እንመለስ። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ተጫዋች በእርሱ የመጫወቻ ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 52 ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን ብዙም አይርቅም። ቶም ብራዲ እ.ኤ.አ. በ2000 በ199ኛ ተራ ተመረጠ፤ በ40 ያርዱም 5.28 ሰከንድ ሮጦ ከዘገምተኞቹ ተርታ ነበር። እርሱ ግን በኋላ ሰባት የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫዎች አነሣ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2007 በአንደኛ ተራ የተመረጠው ጃማርከስ ራስል ከ2009 በኋላ በሊጉ አልተጫወተም። ያ ሁሉ ልኬትና ፊልም ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ሩጫ የሚደረግ ምልመላ ምን ያህል ሊተማመን እንደሚገባው አንባቢ ይፍረድ።

ለሥልጠና ያለ ምላሽ

አራተኛው ችግር ከሁሉ የተሰወረው ነው። ክላውድ ቡሻርና ባልደረቦቹ በአሜሪካና በካናዳ ባካሄዱት ጥናት ከ98 ቤተሰቦች የተውጣጡ 481 ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችን ለ20 ሳምንታት አሠለጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ታተመ። ሰውነታቸው በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን በአማካይ በ0.4 ሊትር ያህል ጨመረ። አማካዩ የሸፈነው ልዩነት ግን እጅግ ሰፊ ነው፤ አንዳንዶቹ ምንም ለውጥ አላሳዩም፤ ሌሎቹ ከ1 ሊትር በላይ ጨመሩ። ለዚህ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሳይሠለጥኑ ያለ አቅምና ለሥልጠና የሚሰጥ ምላሽ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ማየት የሚቻለው ልጁን አሠልጥኖ ብቻ ነው። መጀመሪያ መርጦ ከዚያ ማሠልጠን የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ዓይነቱ ተሰጥኦ የሚገለጠው በተገላቢጦሽ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በቆጂን ልዩ ያደረጋት ከፍታዋ ብቻ አይመስልም። ደጋማ አየር፣ ረጅም የትምህርት ቤት መንገድና ብርቱ ልጆች በቦረናና በአማራ ሳይንትም አሉ። በቆጂ ከእነዚህ ላይ የጨመረችው ብዙ ልጆችን ሳያባርር፣ በየጠዋቱ፣ ለዓመታት የተመለከተ ዓይን ነው። ይህን ዓይን በማንኛውም ትምህርት ቤት ማፍራት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር፣ አንድ ሜትርና አንድ ስቶፕ ዎች ነው።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ቁመት በየሦስት ወሩ፣ ጫማ ወልቆ፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ይለካ። በፍጥነት በሚመዘዝበት ወቅት ወንድ ልጅ በዓመት 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሴት ልጅ 8 ገደማ ትጨምራለች። የቁመቱ ፍጥነት የት ላይ እንዳለ ሲታወቅ ልጁ ይህን ወቅት ጨርሶ ይሁን ገና ሳይጀምር መገመት ይቻላል። የዚህ ዘዴ ትልቁ በጎ ጎን የልደት ወረቀት አለመጠየቁ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓት በአንድ ቀን ሳይሆን በተለያዩ ወራት ቢያንስ አራት ጊዜ ይያዝ፤ ውሳኔውም በመካከለኛው ውጤትና በመሻሻሉ ላይ ይመሥረት። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ የተያዘበት ሜዳና ከፍታ አብሮ ይጻፍ። አራተኛ፣ ያልተመረጡት ልምምዱን እንዳያቋርጡ በሩ ክፍት ይሁን። በተለይ ውኃ ለመቅዳትና ለቤት ሥራ ሲባል በውድድሩ ቀን ያልተገኙ ልጃገረዶች ዳግም የሚታዩበት ቀን ሊኖር ይገባል፤ ያልተለካ ልጅ እንደወደቀ ልጅ ሊቆጠር አይገባምና።

የአሜሪካ ክለብ ሲሳሳት ገንዘብ ይከስራል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ይመርጣል። በእኛ ሜዳ ላይ በስህተቱ የሚከስረው ልጁ ነው። «አትችልም» ተብሎ የተመለሰ የ13 ዓመት ልጅ ለራሱ ያለው ግምት ይሰበራል፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ አይሞክርም። ምልመላ ስህተትን ፈጽሞ ሊያስወግድ እንደማይችል አይተናል፤ ስህተቱን የምናርምበትን ጊዜ መስጠት ግን በእጃችን ነው። በመነሻው መስመር ላይ ከኋላ የቆመው ትንሹ ልጅ ዛሬ የሚፈልገው አሸናፊ መባልን ሳይሆን፣ ስሙ ከደብተሩ ሳይሰረዝ በሚቀጥለው ወር እንደገና መጠራትን ነው።