ማግን ያለ መወርወሪያ የሚያሳልፉ የሽመና መኪናዎችና የጨርቅ ነጋዴው

በሐኪም ጋራ ግርጌ የተቈረቈረችው ሐረር፣ የሽመና ሥራና የጨርቅ ንግድ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁባት ከተማ ናት። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ከተማይቱን ከጐበኘ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ በእጅ የሚሸመነው የሐረር ልብስና መታጠቂያ በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ጨርቅ እንደሚበልጥ መስክሮአል። ዛሬ ግን የስፌት መኪናዎች ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር መንገድ የሚቈረጠውና የሚሰፋው ጨርቅ በብዛት የፋብሪካ ሥራ ነው። ነጋዴው ጣቃውን ሲገዛ ቀለሙንና ውፍረቱን አስተውሎ ይመርጣል፤ በምን ዓይነት መኪና እንደ ተሸመነ ግን የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ሆኖም የጨርቁ ጠርዝ፣ ስፋትና ዋጋ በብዙው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ሽመና ማለት ድሩን ወደ ላይና ወደ ታች ከፍሎ በመካከሉ ማግ ማሳለፍ ነው። ሸማኔው ይህን የሚፈጽመው ማግ የተጠቀለለበትን ቀሰም በያዘ መወርወሪያ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1733 እንግሊዛዊው ጆን ኬይ መወርወሪያውን በገመድ ስቦ የሚያስፈነጥር መሣሪያ ሠራ፤ በ1785 ኤድመንድ ካርትራይት በሞተር ኀይል ለሚንቀሳቀስ የሽመና መኪና የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1924 ደግሞ ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ መኪናው ሳይቆም መወርወሪያውን የሚለውጥ ዘዴ አስገኘ። ይህ ሁሉ መሻሻል ቢደረግም መወርወሪያው ራሱ አልቀረም ነበር።

ጉድለቱም በቀላል ስሌት ይታያል። አንዱ ሺህ ሜትር 30 ግራም የሚመዝን የጥጥ ክር ቢወሰድ፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ላለው ጨርቅ አንድ ጊዜ የሚያልፈው ማግ ክብደቱ ከ5 መቶኛ ግራም አይበልጥም። ይህን ለማድረስ ግማሽ ኪሎ ግድም የሚመዝን እንጨት ወዲያና ወዲህ መወርወርና በየጊዜው ማስቆም ያስፈልጋል። ከዚህም የተነሣ ኀይል ይባክናል፤ ጩኸቱ የሠራተኛውን ጆሮ ይጐዳል፤ ፍጥነቱም ይወሰናል። ስለዚህ መሐንዲሶች መወርወሪያውን ትተው ማጉን ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዋና ዋና መንገዶች አበጁ።

አንደኛው ተወንጫፊ ብረት ነው። የስዊስ ኩባንያ ሱልዘር ይህን መኪና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ አቀረበ። ርዝመቱ 90 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 40 ግራም የሆነ ትንሽ ብረት የማጉን ጫፍ ነክሶ ይበርራል። የሚያስፈነጥረውም ተጠማዝዞ በድንገት የሚለቀቅ የብረት ዘንግ ነው። ብረቱ ከማዶ ሲደርስ ማጉን ለቆ፣ ከድሩ በታች በሚዞር ሰንሰለት ወደ መነሻው ይመለሳል። ይህ መኪና ሰፊ ጨርቅ ለመሥራትና ሁለት ሦስት ጣቃ ጐን ለጐን ለመሸመን የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ራፒየር የሚባለው ባለ ዘንግ መኪና ነው። ከአንዱ ወገን የሚገባው ዘንግ ማጉን እስከ መካከል ያደርሳል፤ ከሌላው ወገን የሚመጣው ተቀብሎ ይጐትተዋል። ብዙ ቀለም ያላቸውን ማጎች እያፈራረቀ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ለባለ ጥለትና ለወፍራም ጨርቅ ይመረጣል።

ሦስተኛው ማጉን በታመቀ አየር የሚያስገባው ነው። ስዊድናዊው ማክስ ፓቦ በ1950ዎቹ ካሳወቀው ወዲህ፣ በመንገዱ ላይ የሚደረደሩ ረዳት የአየር መርጫዎች ተጨምረውለት እጅግ ፈጣን ሆኖአል። ነገር ግን አየሩን ለማመቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ክሩም ጠንካራና እኩል የተፈተለ መሆን አለበት።

አራተኛው የቼኮዝሎቫኪያው ቭላዲሚር ስቫቲ ያስገኘው፣ ማጉን በውሃ ፍላጻ የሚያሳልፈው ነው። ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ሆኖም ውሃ ለማይመጡት ለናይለንና ለፖሊስተር እንጂ ለጥጥ አይስማማም። ጥጥ ውሃ ስለሚመጥ፣ ለድሩ የተቀባውም ማጠንከሪያ ስለሚለቅ ሥራው ይበላሻል።

ባለ ሱቁ ይህን ሁሉ በመደብሩ ሆኖ ከጣቃው ጠርዝ ሊያነብ ይችላል። በመወርወሪያ የተሸመነ ጨርቅ ማጉ ሳይቆረጥ ተመልሶ ስለሚገባ ጠርዙ ዝግ ነው። በተወንጫፊ ብረት የተሸመነው በአብዛኛው የማጉ ጫፍ ታጥፎ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጠርዙ ወፈር ይላል። በራፒየርና በአየር የተሸመነው ደግሞ ዘወትር ጠርዙ ተቈርጦ እንደ ዘርፍ ይታያል፤ እንዳይተረተርም በተጠማዘዙ ክሮች ይታሰራል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ነገር ግን ገዢው የተነገረው ስፋት ጠርዙን ጨምሮ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። በ150 ሳንቲ ሜትር ተገዝቶ ለስፌት የሚሆነው 147 ብቻ ቢገኝ፣ ከመቶው ሁለት እጅ ከነጋዴው ትርፍ ይቀነሳል።

መኪና አስመጪውም ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ በተቋቋመበትና በ1961 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ በጀመረበት ዘመን፣ የዓለም ፋብሪካዎች በአብዛኛው በመወርወሪያ ይሠሩ ነበር። አሮጌውን በአዲስ ለመለወጥ የሚያስብ ባለ ፋብሪካ በፍጥነቱ ብቻ መማረክ የለበትም። የሚሠራው ጥጥ ከሆነ የውሃውን መኪና በርካሽ ማግኘቱ ትርፍ አይሆነውም። መብራት የሚቋረጥበት ከሆነም የአየሩ መኪና ከነኮምፕሬሰሩ ሥራ ይፈታል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም የመለዋወጫውን አቅርቦት ውል ከመፈረሙ በፊት ያረጋግጥ።

እንግዲህ የሐረር ሸማኔ ከፋብሪካው ጋር በፍጥነት ሊወዳደር አይችልም፤ በእጁ የሚወጣው ዝግ ጠርዝ ግን ብዙዎቹ ፈጣን መኪናዎች ያጡት መልካም ነገር ነው። ሳይቀመቀም ለሚለበስ ልብስና ለመታጠቂያ ይህ ጠርዝ ዋጋ አለው። ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ይህን ለገዢው አስረድቶ ዋጋውን ቢጠይቅ፣ ለራሱም ለሸማኔውም ይጠቅማል።