ወደ ባሮ ዱር ለሚወርድ መንገደኛ ስለሚያስፈልገው ስንቅ

ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚሰድ ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቅ ነው። ይህም ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ስንቅ ማለት የሚበላ ብቻ የመሰለን እንደ ሆነ እጅግ እንሳሳታለን። ይህንን እንድንጽፍ ያነሣሣን በልደታ ማርያም ሰፈር በአንዲት ዘመዳችን ቤት ያየነው ነገር ነው። ልደታ መንገደኛ መሸኘትን የለመደ ሰፈር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያ ከነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ነበርና።

የእኒህ እመቤት ልጅ፥ ስለ ዛፍና ስለ አትክልት የተማረ ጐልማሳ፥ ከጓደኞቹ ጋራ በጥር ወር ወደ ጋምቤላ ወርዶ፥ ከዚያም በባሮ ወንዝ በታንኳ እየሄደ የወንዙን ዳር ዱር ሊመረምር ተሰናዳ። ልንሰናበተው በሄድን ጊዜ ቤቱን እንደ ሰርግ ቤት ሆኖ አገኘነው። በሶው ተፈጭቷል፤ ጩኮው ተለውሷል፤ ዳቦ ቆሎውና ቋንጣው በየስልቻው ሞልቷል፤ ድርቆሹም ሁለት ትልልቅ ከረጢት ሆኗል። «እትዬ፥ አጎበሩስ ወዴት ነው?» ብለን ብንጠይቅ እመቤቲቱ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ባለቤታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ለመንግሥት ሥራ ወደ ቆላ ወርደው፥ በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት በወባ ማረፋቸውን እናውቅ ነበርና ዝምታቸው ስለ ምን እንደ ሆነ ገባን። የሚፈሩትን ነገር ስሙን እንኳ ላለማንሣት ሲሉ በእህሉ ሥራ ተጠምደው ኖረዋል።

የባሮ መንገድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቅደው ነበር። ከዚያም በኋላ በክረምት፥ ወንዙ በሞላ ጊዜ፥ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ እየደረሱ ቡናችንን ይጭኑ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ወዲህ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በበጋ ግን ወንዙ ይጐድላል፤ አሸዋውና ድንጋዩም ይገለጣል። ያን ጊዜ የሚመቸው ከአንድ ግንድ የተቦረቦረው ጠባብ ታንኳ ነውና፥ ሁለት ከረጢት ድርቆሽ ለእንዲህ ያለ ታንኳ ሸክም እንጂ ስንቅ አይደለም።

እንግዲህ ስለሚያስፈልገው ነገር ያለንን ምክር እነሆ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ብቻ ናት። የደገኛ ሰውነት ወባን አለመልመዱ እንዴት ያለ ጥፋት እንደሚያመጣ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ታይቷል፤ ወባው ወደ ከፍተኛው ስፍራ ወጥቶ 150,000 የሚያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታልና። የወባ ትንኝ አብዝታ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና እጀ ረዥም ልብስ ከእህል ይቀድማሉ። ሐኪም የሚያዝዘው መከላከያ መድኃኒትም ከመነሣት በፊት ይጀመራል፤ ቤት ስለ ገቡም ወዲያው አይቋረጥም።

ሁለተኛ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወጋት ይገባል።

ሦስተኛ፤ የወንዝ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። ገላን ለመታጠብ ወደ ወንዙ ከመግባትም መጠንቀቅ ያሻል፤ በ1958 ዓ.ም. በጋምቤላ በባሮ ሊዋኝ የገባ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በአዞ ተወስዶ ሞቷል።

አራተኛ፤ መድኃኒት፥ ክብሪትና ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስረው ከመንገደኛው ጐን አይለዩ፤ ታንኳ ይገለበጣልና።

አምስተኛ፤ ወንዙን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። የአኙዋኩ ታንከኛ «እዚህ አንወርድም» ያለ እንደ ሆነ የተማረው ሰው መታዘዝ አለበት እንጂ መከራከር አይገባውም።

ይህንን ሁሉ ለእመቤቲቱ ባስረዳናቸው ጊዜ ጥቂት አሰቡና «የፈራሁትን ትቼ ሆዱን ብቻ ሳስብለት ኖሬአለሁ» አሉ። ወዲያውም አንዱን ከረጢት ድርቆሽ አስወጥተው በስፍራው አጎበሩን አኖሩ። ሐኪሙ ያዘዘለትንም መድኃኒት የሚውጥበትን ቀን ሁሉ በወረቀት ጽፈው በግድግዳ ላይ ለጠፉ፤ ከተመለሰ በኋላ ያሉትን አራት ሳምንታት ግን በቀይ ቀለም ጻፏቸው። ሦስተኛው ሳምንት ሲደርስ እጃቸው ጥቂት ቆመ፥ ከዚያም ጽፈው ጨረሱ።

እኛም ቤተ ሰብ ሁሉ ይህንን ምሳሌ እንዲከተል እንመክራለን። መንገደኛው ከቆላ ከተመለሰ በኋላ፥ ወራት እንኳ ቢያልፉ፥ ትኩሳት የተሰማው እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሄዶ የነበረበትን አገር ይንገር። ለጐልማሳውም በሰላም ሄዶ በሰላም መግባትን እንመኝለታለን።