ለሯጭ የሚሸጥ ሰዓት፤ ስማርት ሰዓት ወይስ የስፖርት ሰዓት?

ማለዳ ጎሕ ሲቀድ ወደ መስቀል አደባባይ ወይም ወደ እንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ብቅ ያለ ሰው፥ ሩጫ የጥቂት ስፖርተኞች ሥራ ብቻ አለመሆኑን ይመለከታል። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ»ም፥ በ10 ኪሎ ሜትር ጎዳና ላይ ሐኪሙንና ተማሪውን፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውንና ነጋዴውን ባንድነት ሲያሰልፍ ኖሯል። እንዲህ ያለው ሯጭ ከጫማው ቀጥሎ የሚጠይቀው ዕቃ የእጅ ሰዓት ነው። ባለ ሱቁም «ለሩጫ የሚሆን ሰዓት አለ ወይ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ በመስኮቱ ካለው ሁሉ ውድ የሆነውን አንሥቶ መስጠት በቂ መልስ አይሆንም።

ነገሩ ለአስመጪውም ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ያለ ምርመራ የመጣ አንድ ሣጥን ሰዓት ገዥ አጥቶ በመደርደሪያ ላይ ቢቀር፥ የሚታሰረው ገንዘብ እንደ ቀድሞው ጥቂት አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆን፥ የሁለቱን ዓይነት ሰዓቶች ልዩነት ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። የዕቃዎቹ ዓመታት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አንደኛው ወገን ስማርት ሰዓት የሚባለው ሲሆን፥ አፕል ዎችና ሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች ከዚህ ይቈጠራሉ። ዋና ሥራው የስልክ ረዳት መሆን ነው፤ ጥሪና መልእክት ያስታውቃል፥ ሙዚቃ ያሰማል፥ ጤናን ይከታተላል፥ ሩጫንም ይመዘግባል። ሁለተኛው ወገን ጋርሚን፥ ፖላርና ኮሮስ የተባሉት ኩባንያዎች ለስፖርት አስበው የሚሠሩት ሰዓት ነው። ጋርሚን ፎርራነር የተባለውን የሯጭ ሰዓት ያወጣው በ2003 ሲሆን፥ አፕል ዎች ለሽያጭ የቀረበው በ2015 ነው። የአንዱ አሳብ ከሯጩ፥ የሌላው አሳብ ከስልኩ የተነሣ ስለ ሆነ፥ ልዩነታቸው ሁሉ ከዚሁ ይመነጫል።

የመጀመሪያው ልዩነት የባትሪ ነው። ለመደበኛው አፕል ዎች ለብዙ ዓመታት የተነገረለት የባትሪ ዕድሜ 18 ሰዓት ስለ ነበረ፥ ባለቤቱ በየቀኑ ይሞላዋል። በ2021 የወጣው ጋርሚን ፎርራነር 55 ግን በዘወትር አገልግሎት እስከ 2 ሳምንት፥ ሩጫን በሳተላይት ሲመዘግብ ደግሞ እስከ 20 ሰዓት እንደሚቆይ ሠሪው ይገልጻል። በ2023 የወጣው ኮሮስ ፔስ 3 በሳተላይት እስከ 38 ሰዓት ይሠራል ተብሏል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር፥ ወይም ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ እየወጣ ለሚለማመድ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማታ መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ሳይሞላ የቀረ እንደ ሆነ፥ ሯጩ በማግሥቱ ጥቍር መስታወት በእጁ አስሮ ይወጣል።

ሁለተኛው የአያያዝ ልዩነት ነው። ስማርት ሰዓት ይበልጡን የሚታዘዘው መስታወቱን በጣት በመንካት ነው። በክረምት ዝናብ ወይም በላብ የራሰ ጣት ግን መስታወቱን በሚገባ ሊያዝዘው አይችልም። ፎርራነር 55ን የመሰለው የስፖርት ሰዓት በጎንና በጎኑ 5 ቍልፎች ስላሉት፥ ሯጩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ዙሩን ይቈርጣል፥ ሰዓቱንም ያቆማል።

ሦስተኛው የርቀት አለካክ ነው። ሁለቱም ወገኖች ርቀትን የሚያውቁት 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩት ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካና ረጃጅም ሕንጻ ምልክቱን ያደክሙታል፥ ያንጸባርቁታልም። ይህን ጉድለት ለመቀነስ በሁለት ሞገድ የሚቀበሉ ሰዓቶች ተሠርተዋል። በዚህ ረገድ ዋጋ ብቻውን መመዘኛ እንደማይሆን ልብ ይሏል። በ2022 ሲወጣ 799 ዶላር የተቈረጠለት አፕል ዎች አልትራ በሁለት ሞገድ ይቀበላል፤ ሲወጣ 229 ዶላር የነበረው ኮሮስ ፔስ 3ም እንዲሁ በሁለት ሞገድ ይቀበላል።

የልብ ምትን በተመለከተ ሁለቱም ወገኖች ያው ናቸው ለማለት ይቻላል። ከሰዓቱ ሥር የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን በቆዳ ውስጥ የሚያልፈውን ደም በማየት ምቱን ይቈጥራል። በብርድ ማለዳ ደም ወደ እጅ መድረሱ ሲቀንስ፥ ወይም ማሰሪያው ሲላላ ቍጥሩ ይሳሳታል። ትክክለኛ ልኬት የሚፈልግ ደምበኛ በደረት የሚታሰረውን መለኪያ ጨምሮ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ለባለ ሱቁም ተጨማሪ ሽያጭ ነው።

ከሁሉ በላይ ባለ ሱቁን ከደምበኛው ጋር የሚያጣላው የስልክ ጉዳይ ነው። አፕል ዎች ያለ አይፎን አይሠራም፤ ከ2021 ወዲህ የወጡት የጋላክሲ ሰዓቶች ደግሞ ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ብቻ ይሠራሉ። ጋርሚን፥ ፖላርና ኮሮስ ከሁለቱም ጋር ይስማማሉ። በአገራችን ብዙው ሕዝብ የሚይዘው አንድሮይድ በመሆኑ፥ አፕል ዎች በብዛት ከማዘዝ በፊት ገዥው ማን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። እንዲሁም በሰዓት መክፈልና ያለ ስልክ መደወል የሚቻለው ባንኩና የቴሌኮም ድርጅቱ አገልግሎቱን በሚሰጡበት አገር ብቻ ስለ ሆነ፥ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ለደምበኛ ቃል መግባት አያስፈልግም።

ይህን ስንል ስማርት ሰዓትን ማጣጣላችን አይደለም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለጤናው የሚሮጥ፥ ቀኑን ሙሉ በቢሮ ውሎ ጥሪና መልእክት የሚጠብቅ ሰው፥ ስማርት ሰዓት ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። በልምምድ ዕቅድ የሚሮጥ፥ ለማራቶን የሚዘጋጅ፥ ወይም ሩጫን መተዳደሪያው ሊያደርግ የሚያስብ ወጣት ግን የስፖርት ሰዓት ይገባዋል። በተለይ ወላጆቹ ተበድረው ለሚገዙለት ወጣት ውዱን ስማርት ሰዓት መሸጥ ለዛሬ ትርፍ ቢሰጥም፥ የነገውን ደምበኛ ያሳጣል። ስለዚህ ሻጩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የያዙት ስልክ ምን ዓይነት ነው? በሳምንት ስንት ቀን፥ ምን ያህልስ ይሮጣሉ? ባትሪውን በየቀኑ ለመሙላት ይመችዎታል? መልሱ ዕቃውን ይመርጣል።

አስመጪዎችም ከማዘዛቸው በፊት የሚከተለውን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል። አንደኛ፥ ናሙና አስመጥቶ መሞከር ነው። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ሰዓቶች የራሳቸው የሳተላይት መቀበያ ሳይኖራቸው ከስልክ ይበደራሉ። ስልኩን ትቶ በ400 ሜትር የመሮጫ ሜዳ በውስጠኛው መስመር 10 ዙር መሮጥ እውነቱን ያወጣዋል፤ ቍጥሩ ከ4 ኪሎ ሜትር ብዙ የራቀ እንደ ሆነ ዕቃው ለሯጭ አይሸጥም። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት በመስታወቱ ላይ በትክክል መነበቡም በዚያው ይታያል። ሁለተኛ፥ ሰዓቶቹ የሬዲዮ ሞገድ የሚጠቀሙ ስለ ሆኑ፥ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ፈቃዱ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፥ የሊቲየም ባትሪ ያለበት ዕቃ በአውሮፕላን ሲጫን የተለየ ደንብ ስላለው ከአጓጓዡ ጋር መነጋገር ነው። በመጋዘን የሚቆየውም ዕቃ ባትሪው ፈጽሞ እንዳይደርቅ በየጊዜው ሊታይ ይገባል። አራተኛ፥ አፕል በየዓመቱ አዲስ ሰዓት ስለሚያወጣ፥ አዲሱ ሊወጣ ሲል የድሮውን በብዛት ማዘዝ ኪሣራን መጥራት ነው።

ሰዓት እንደ ጨርቅ በሜትር ተለክቶ የሚሸጥና የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ገዥው በየማለዳው ያየዋል፤ በየማለዳውም የሸጠለትን ሰው በመልካም ወይም በክፉ ያስታውሰዋል። የሚስማማውን ዕቃ ጠይቆ የሰጠ ነጋዴ፥ ያ ሯጭ ወንድሙንና የልምምድ ባልንጀራውን ይዞለት ይመለሳል።