የአማተር ራዲዮ ጣቢያን ወደ የጎፍ ጫፍ ስለ ማውጣት

አማተር ራዲዮ ማለት ፈቃድ ያገኘ ሰው ያለ ክፍያ፥ ለትምህርትና ለደስታ ብሎ፥ በራሱ መሣሪያ ከመሰሎቹ ጋር በአየር የሚነጋገርበት ሥራ ነው። ከዘርፎቹ አንዱ ጣቢያውን በጀርባ ተሸክሞ ወደ ተራራ ጫፍ መውጣትና ከዚያ ላይ መነጋገር ነው። ልማዱ የቆየ ቢሆንም፥ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ በብሪታንያ የወጣው በየካቲት ወር 1994 ዓ. ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡ ባጭሩ እንዲህ ይላል፤ ባለጣቢያው የመጨረሻውን ዳገት በራሱ ጉልበት ይውጣ፤ የኤሌክትሪክ ኀይሉን ከመኪና ወይም በነዳጅ ከሚሠራ ሞተር አያግኝ፤ ከጫፉ ከ25 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ አይቁም፤ ነጥብ እንዲቈጠርለትም ቢያንስ 4 ጣቢያዎችን ያነጋግር።

እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ሥራ በኮምቦልቻ ራስጌ ባለው በየጎፍ ተራራ ላይ ቢደረግ ምን እንደሚጠይቅ ለማስረዳት እንሞክራለን። ብዙ ሰው ችግሩ የዳገቱ ርዝመት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዳገቱ በፊት መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው በእውነት ከፍታ ያስፈልገናል ወይ የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው የተራራው ሰው ያውቀናል ወይ የሚለው ነው።

1. ስለ ሥፍራው

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ በቦርከና ሜዳ ላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በሐረጎ ቁልቁለት እየተጠማዘዘ የሚወርደው መንገድ ሁለቱን ከተሞች በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ያገናኛቸዋል። የጎፍ በዚሁ አካባቢ ቆሞ ጫፉ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ጥድና ወይራ የሚገኙበት የተፈጥሮ ደን አለው፤ ከዚህም ጋር በሰው እጅ የተተከለ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ ይገኝበታል። ከኮምቦልቻ ሜዳ የሚነሣ ሰው ከ1,100 ሜትር በላይ መውጣት አለበት፤ ከፍ ካለው የመንገዱ ክፍል የሚነሣ ግን ድካሙ ይቀንስለታል።

2. ከፍታ የሚጠቅመው መቼ ነው?

ይህን ለመረዳት የራዲዮን ሞገድ በሁለት መክፈል ይበቃል። አጫጭሩ ሞገድ፥ ለምሳሌ ለአማተሮች የተመደበው ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርትዝ ያለው፥ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራም ይጋርደዋል። ለዚህ ሞገድ ከፍታ ዋና ነገር ነው። በለጥ ባለ መሬት ላይ የሚደርስበት ርቀት በኪሎ ሜትር ሲለካ፥ የከፍታው (በሜትር) ካሬ ሥር በ4.12 ሲባዛ የሚገኘው ቍጥር ነው። ከሜዳው 1,000 ሜትር ከፍ ያለ ጣቢያ እንግዲህ እስከ 130 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ይህ ግን የወረቀት ሒሳብ ነው፤ የወሎ መሬት ለጥ ያለ ስላልሆነ በየአቅጣጫው የሚጋርደውን ሸንተረር በካርታ ላይ አስቀድሞ መመርመር ያሻል።

ረዘም ያለው ሞገድ፥ ለምሳሌ 7 ሜጋኸርትዝ፥ ሌላ ጠባይ አለው። ወደ ላይ ሲላክ አዮኖስፌር ከሚባለው፥ በፀሐይ ኀይል ኤሌክትሪክነት ካገኘው የላይኛው የአየር ክፍል ተመልሶ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ተራራ አያግደውም። ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ርቀት በቀን ለመድረስ 20 ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ በጓሮ ዝቅ ብሎ ቢዘረጋ ይበቃል እንጂ የጎፍን መውጣት ግድ አይደለም። ለ14 ሜጋኸርትዝ ደግሞ ሽቦው 10 ሜትር ይሆናል። ለሩቅ አገር የተራራው ጥቅም ሁለት ነው፤ ሞገዱ በዝቅተኛ ማእዘን እንዲወጣ ቁልቁለቱ ይረዳል፤ የከተማው የኤሌክትሪክ ጫጫታም እዚያ ይቀንሳል።

አገራችን ለምድር መግነጢስ ወገብ ቅርብ መሆኗንም ማስታወስ ይገባል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ በ1950 ዓ. ም. ግድም የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በዚህ ወገብ አጠገብ አዮኖስፌር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙ ጊዜ ይታወካል፤ ድምፅም እየተንቀጠቀጠ ይጠፋል። ስለዚህ በጠዋት ወጥቶ ሳይመሽ መውረድ ለእግርም ለሞገድም ይበጃል።

3. ስለ ሸክሙና ስለ ጫካው

5 ዋት የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ሲያዳምጥ 0.4 አምፔር፥ ሲናገር 1.2 አምፔር ቢወስድና ከጊዜው ሩቡን ብቻ ቢናገር፥ አማካዩ 0.6 አምፔር ይሆናል። እንግዲያውስ 6 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሒሳብ 10 ሰዓት ይቆያል፤ ለብርድና ለእርጅና ግን ከዚህ መቀነስ ብልኅነት ነው።

በጫካ ውስጥ ዛፉ ራሱ ምሰሶ ይሆናል። ቀጭን ሲባጎ ጫፉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ታስሮ በቅርንጫፍ ላይ ይወረወራል፤ ሽቦውም በዚያ ይሳባል። ምስማር መምታት፥ ቅርንጫፍ መቍረጥና እሳት ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የአንድ ቀን ጨዋታ ለብዙ ዓመት የቆመን ጥድ አያስቈርጥም። እርጥብ ቅጠል አጫጭሩን ሞገድ ስለሚውጥ፥ ለእርሱ ዛፍ የሌለበትን ገላጣ መፈለግ ያሻል። ወሎ በበልግም በክረምትም ዝናብ ስለሚያገኝ፥ የሚሻለው ወራት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። ነጐድጓድ ከተሰማ ሽቦውን አውርዶ ከጫፉ መውረድ ነው እንጂ መጠባበቅ አይገባም።

4. ስለ ፈቃድና ስለ አገሩ ሰው

በጥቅምት ወር 2014 ዓ. ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰ፤ ከተሞቹም እስከ ኅዳር መጨረሻ በዚያው ሁኔታ ቆዩ። ስልክ ተቋርጦ ዘመድ የዘመዱን ደኅንነት ሳይሰማ ሰነበተ። ከዚያም ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ይህን ያየ ገበሬ ሽቦና ራዲዮ ይዞ ወደ ጫካ የሚወጣ እንግዳ ሲያይ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በጦርነት ጊዜ ከተራራ ጫፍ የሚናገር ራዲዮ የጥይት ዒላማ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፈቃድ ነው። የራዲዮ ፈቃድ ጕዳይ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይመለከታል። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መጠሪያ በ«ኢ ቲ» ይጀምራል፤ ለምሳሌ በአምስት ኪሎ ለብዙ ዓመት የታወቀው የአማተር ራዲዮ ማኅበሩ ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ለቀበሌውና ለደኑ ጠባቂዎች ማሳየት፥ ከአካባቢው መሪ መያዝ፥ በጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን፥ መስጊድ ወይም የቅዱሳን መቃብር ካለ ከዚያ መራቅ ይገባል። ጸጥታው የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ ጕዞው ይቅር።

የአማተር ሕግ ራሱም ለዚህ ይረዳል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አማተር ትርጕሙን ለመሰወር በምስጢር ቋንቋ አይናገርም። ማንም ቀርቦ ቢያዳምጥ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ስለዚህ ለጠያቂው ማስረዳት ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ማሰማትም ይቻላል።

ጥቅሙስ ምንድን ነው ለሚለን፥ መልሳችን ይህ ነው። ጐርፍ፥ የመሬት መንሸራተት ወይም ሌላ አደጋ የስልኩን መስመር ቢቈርጥ፥ የቱ ሞገድ ከጓሮ እንደሚበቃና ለየትኛው ደግሞ ጫፍ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የፈተነ ሰው ደሴንና ኮምቦልቻን ሊያገናኝ ይችላል። ይህ ዕውቀት በአደጋው ቀን አይገኝም፤ የተራራው ሰው እምነትም እንዲሁ። ሁለቱም የሚገኙት በሰላም ቀን፥ በእግር እየሄዱና ሰላምታ እየሰጡ ነው።